የእናትዎን 400 ሺህ ብር ማን በላው?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «እናቴ በ2011 ዓ.ም. ከወንድሞቿ ጋር የወረሰችው ቤት ተሽጦ ድርሻዋን 400 ሺህ ብር ባንክ አስገባች። ሐሳቧ ደብረ ብርሃን ባላት ቦታ ላይ ሁለት ክፍል መሥራት ነበር። ዛሬ ነገ ሲባል አምስት ዓመት አለፈ። አሁን ያ ገንዘብ ከነወለዱ መሠረትና ግድግዳ ከጨረሰ ጥሩ ነው። ዜናው የዋጋ ንረት ወረደ ይላል። እኔ ግን ገበያ ወጥቼ የወረደ ነገር አላየሁም። ብሔራዊ ባንክ የሚወስነው ነገር እኛ ቤት የሚገባው በየት በኩል ነው? ወንድሜ ከዱባይ ሲልክስ በባንክ ይላክ ወይስ በሌላ? የእናቴን ገንዘብስ ማን በላው?»

«ማን በላው» ማለትዎ ትክክል ነው። ብዙ ሰው የዋጋ ንረትን እንደ በረዶ ነው የሚያየው። ከላይ የወረደ፣ ማንም ያልወሰነው ነገር ይመስለዋል። እኔ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ባንክ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከንረቱ ጀርባ ቀን ያላቸው፣ በመመሪያ የወጡ ውሳኔዎች አሉ። እያንዳንዱን ውሳኔ ደግሞ ከኪሱ የሚከፍለው ሰው አለ። በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ ትልቁን ሂሳብ የከፈለው ቆጣቢው ነው። እናትዎ ማለት ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ተራ የቁጠባ ሂሳብ እዚያው 7 ላይ ቆመ። 400 ሺህ ብር በ7 በመቶ አምስት ዓመት ቢቀመጥ፣ ወለድ ወለድ እየወለደ 561 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ከወለዱ የሚቆረጠውን ግብር ትቼው ነው። አሁን ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ብቻ ጨመረ እንበል። «ብቻ» ያልኩት በእነዚያ ዓመታት ከ30 በመቶ ያለፈበት ጊዜ ስለነበረ ነው። ግንቦት 2014 አካባቢ 37 በመቶ ደርሶ ነበር። በ20 በመቶው ስሌት እንኳ፣ በ2011 በ400 ሺህ ብር ያልቅ የነበረ ቤት በ2016 995 ሺህ ብር ይጠይቃል። እናትዎ እጅ ያለው 561 ሺህ ነው። 434 ሺህ ብር ጎደለ። ሌባ አልገባም። ባንኩ አልከሰረም። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድም ዓመት አልቀነሰም።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተማሩኝ አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ገና ጀማሪ ሆኜ መስኮት ላይ ነበርኩ። የዚያ ዓመት ክረምት የዋጋ ንረቱ ከ60 በመቶ በላይ ነበር። መምህሩ በዓመት ሁለቴ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወለድ እንዲጻፍላቸው ነው እንጂ ገንዘብ አያወጡም። አንድ ቀን ከደረት ኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አወጡ። የጤፍ፣ የዘይትና የስኳር ዋጋ በእርሳስ ተጽፎበታል፤ ባለፈው የመጡ ጊዜ የነበረውና የዛሬው ጎን ለጎን። «ልጄ፣ ይኼ ብር አድጓል ወይስ አንሷል?» አሉኝ። «አድጓል ጋሼ፣ ይኸው» ብዬ አዲሱን ድምር አሳየኋቸው። ምንም አላሉኝም። ወረቀቷን ብቻ ወደ እኔ አዞሩልኝ። የምለው ጠፋኝ። ኢኮኖሚስቶች «እውነተኛ ወለድ» የሚሉት ነገር ያቺ ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። ባንኩ ከሚከፍልዎት ወለድ የዋጋ ንረቱን ይቀንሱ። የሚተርፈው ከዜሮ በታች ከሆነ እየቆጠቡ አይደለም፤ እየከፈሉ ነው።

ታዲያ ለማን ነው የሚከፍሉት? ለተበዳሪው ነው። በ7 በመቶ የተሰበሰበ ገንዘብ ንረቱ 30 በሆነበት አገር ውስጥ እጅግ ርካሽ ገንዘብ ነው። እሱን ያገኘ ሰው፣ ሲመልስ የሚመልሰው ከወሰደው ያነሰ ዋጋ ያለው ብር ነው። ከተበዳሪዎች ሁሉ ትልቁ ደግሞ መንግሥትና የመንግሥት ድርጅቶች ነበሩ።

እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት። በ2003 ዓ.ም. አንድ መመሪያ ወጣ። የግል ባንኮች 100 ብር ባበደሩ ቁጥር 27 ብር የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ፣ ማለትም ለብሔራዊ ባንክ እንዲያበድሩ ተገደዱ። ሰነዱ አምስት ዓመት ይቆያል፤ ወለዱም መጀመሪያ ላይ 3 በመቶ ነበር። ያኔ ባንኩ ራሱ ለቆጣቢው ቢያንስ 5 በመቶ ይከፍላል። በ5 ገዝቶ በ3 እንደ መሸጥ ነው። ባንኩ ይህን ኪሳራ ከየት ያካክሰዋል? ከሌላው ተበዳሪ ላይ ወለድ በመጨመር፣ ለእናትዎ ደግሞ ከዝቅተኛው ወለድ በላይ ባለመክፈል። መመሪያው በ2012 ተነሣ። በ2015 ደግሞ መልኩን ቀይሮ መጣ፤ ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 20 በመቶ የሚሆን የግምጃ ቤት ቦንድ (መንግሥት የሚበደርበት ሰነድ) እንዲገዙ ታዘዙ።

በንግድ ባንክ በኩል ደግሞ ለመንግሥት ድርጅቶች ትልልቅ ብድሮች ተሰጡ። ብዙዎቹ በጊዜያቸው አልተመለሱም። በመጨረሻ መንግሥት ዕዳውን ለመሸፈን እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ቦንድ ለባንኩ ሊሰጥ ግድ ሆነ። ገንዘቡ ሁሉ ባከነ እያልኩ አይደለም። መንገድ ተሠርቶበታል፣ የኃይል ማመንጫ ግድብ ተሠርቶበታል፣ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል። እኔም ልጆቼን በዚያው መንገድ ነው ትምህርት ቤት የማደርሰው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ለግድብ ግብር ቢጣል ፓርላማ ይቀርባል፣ ሰው ይከራከርበታል፣ ሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። በወለድ በኩል የተወሰደው ግን አንድም ሰው እጁን ሳያወጣበት፣ በአብዛኛው ከሌላ አማራጭ ከሌለው ሰው ነው የተወሰደው። ሀብታሙ መሬት ይገዛል፣ ፎቅ ይሠራል፣ ዶላር ይይዛል። የጡረተኛው ሀብት ደብተሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቀጥታ ብድር የሚባለው ነው። ሰው «ብር ታተመ» ሲል ማሽን ነው የሚታየው። በተግባር ብዙውን ጊዜ ማሽን የለም። የመንግሥት ወጪ ከገቢው ሲበልጥ ብሔራዊ ባንክ በመንግሥት ሂሳብ ላይ ቁጥር ይጨምራል። በዚያ ቁጥር ደመወዝ ይከፈላል፣ ኮንትራክተር ይከፈላል። ኮንትራክተሩ ገበያ ወጥቶ ሲሚንቶና ፌሮ ይገዛል። አገሪቱ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ግን አንድ ኩንታል እንኳ አልጨመረም። ደብረ ብርሃን ላይ እናትዎ ልትገዛው የነበረችውን ሲሚንቶ አዲሱ ብር ቀድሟት ደረሰ። የጦርነቱ ዓመታት ይህን አባባሱት። ወጪው ጨመረ፣ የውጭ እርዳታና ብድር ቀነሰ፣ ክፍተቱ በዚህ መንገድ ተሞላ። የብሔራዊ ባንክ ውሳኔ እናንተ ቤት የሚገባበት ትልቁ በር ይህ ነው።

ዶላር ደግሞ ሌላው በር ነው። ብር ለዓመታት በሰው ሠራሽ ዋጋ ተይዞ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ከሃምሳ ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ ደግሞ 115 ብር አካባቢ ነበር። አስቡት፤ በ57 ያገኘ ሰው በማግስቱ እጥፍ ያተርፋል። ስለዚህ ወረፋው ረዘመ። ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጭ ክፍያ የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ለመክፈት ዓመት የጠበቁ አስመጪዎች አውቃለሁ። ወረፋ ካለ ደግሞ አቋራጭ ይኖራል፤ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቡና ላኪው ቡናውን ከዓለም ዋጋ በላይ ገዝቶ በኪሳራ ይልክ ነበር። ለምን? የሚያገኘውን ዶላር ይዞ መኪና ወይም የግንባታ ዕቃ ያስገባበታል፤ ኪሳራውን እዚያ ላይ ይጭነዋል። ጫኙ እሱ ነው፣ ተሸካሚው ቤት የሚሠራው ሰው ነው።

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ይህ ፈረሰ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ያን ዕለት ጠዋት እኔ የምሠራበት ቅርንጫፍ ውስጥ ከስክሪኑ ስር ሰው ተሰብስቦ ነበር። የንግድ ባንክ ተመን ወደ 74 ብር ገብቷል። አንድ ሽማግሌ «ተሳስታችሁ ነው» ብለው ከጥበቃው ጋር ይከራከሩ ነበር። ስህተት አልነበረም። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ።

ውሳኔው በነፃ ፍላጎት ብቻ የመጣ አይደለም። አገሪቱ ታኅሣሥ 2016 ላይ በውጭ ገበያ በዶላር የተበደረችበትን የዩሮቦንድ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። የዕዳ ድርድሩም ሆነ የአይኤምኤፍ (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) ብድር የሚጠብቁት ይህንን እርምጃ ነበር። ተመኑ በተለቀቀበት ዕለት አይኤምኤፍ ለአራት ዓመት የሚሆን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አጸደቀ። የዓለም ባንክም በማግስቱ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ ይሆናል ብሎ ፈራ። እጥፍ አልሆነም። ምክንያቱን ልብ ይበሉ። ሱቅ ያለው አብዛኛው የውጭ ዕቃ ቀድሞውኑ በ115 ሂሳብ ነበር የሚሸጠው። ነጋዴው በ57 ዶላር ባያገኝ በጥቁር ገበያ ነው የሚገዛው፤ በ57 ቢያገኝም ሲሸጥ ያው ነው። ዋጋቸው በእርግጥ የጨመረው እስከዚያ ድረስ መንግሥት በ57 ሂሳብ ያስገባቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት። ለእነሱ ለጊዜው ድጎማ ተደረገ፤ የነዳጁ ድጎማ ግን ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ታክሲ ተሳፋሪው ቀመሰው። በ2017 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ ማለቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ጉልት ላይ የምትሸጥ እናት፣ እንዲህ ያለ ማካካሻ የላትም።

ከምንዛሪው ቀድሞ ግን ነሐሴ 2015 ላይ ብዙም ያልተወራለት ውሳኔ ተወስኗል። ለእኔ ይኼኛው ይበልጣል። የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተጣለ፤ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድርም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከተሰጠው አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የሆነ የራሱን የወለድ ተመን አወጣ፤ ከባንኮች ጋር ሲበዳደር መነሻ የሚያደርገው ወለድ ማለት ነው። ንረቱ ወረደ የሚሉት ሰዎች አልዋሹም። በ2014 ከ35 በመቶ በላይ የነበረው በ2017 መጨረሻ ወደ 13 በመቶ ገደማ ደርሷል። ዋናው ምክንያት የአዲስ ብር መፈጠር መቀነሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግን «የወረደ አላየሁም» ያሉት እርስዎም አልዋሹም። የዋጋ ንረት ማለት ፍጥነት ነው። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ታክሲ ማርሽ ቢቀንስ ቀስ አለ እንጂ ቁልቁል አልወረደም። 100 ብር የነበረ ዕቃ በ30 በመቶ ጨምሮ 130 ከገባ በኋላ ንረቱ ወደ 13 በመቶ ቢወርድ ዕቃው 147 ብር ይሆናል። ወደ 100 የሚመልሰው ነገር የለም። የጎደለው 434 ሺህ ብርም ንረቱ ዜሮ ቢገባ አይመለስም። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም። ማንም ባለሥልጣን በግልጽ ሲናገረው ስላልሰማሁ ነው።

የብድር ጣሪያውም ያለ ተጎጂ አልሄደም። ባንኩ ማበደር የሚችለው ሲያጥር ማንን ያስቀድማል? የቆየ ደንበኛውን፣ ትልቅ ማስያዣ ያለውን። አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ያላት ሴት ሁለት ማሽን ለመጨመር ብድር ጠይቃ ፋይሏ ተሟልቶ ወራት ሲጠብቅ አይቻለሁ። ሥራዋ ትርፋማ ነው፣ ማስያዣ አላት። «ጣሪያው ሞልቷል» ነው መልሱ። ጣሪያው ታኅሣሥ 2017 ወደ 18 በመቶ፣ በ2018 መግቢያ ላይ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደረገ። እኔ ቢጠይቁኝ ጣሪያው መነሣት አለበት። ጣሪያ ሁሉንም እኩል ያንቃል። ወለድ ግን የማያዋጣ ሥራ ያለውን ለይቶ ያስቀራል። የተሻለው መንገድ የ15 በመቶው ተመን ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ተመኑን ትቶ በምኞት መመራት ምን እንደሚያመጣ ቱርክ አሳይታናለች። እንደ ፈረንጆቹ በ2021 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ወለድ ነው ንረትን የሚያመጣው ብለው ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን በአራት ወር ውስጥ ከ19 ወደ 14 በመቶ አወረደ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ንረቱ ከ85 በመቶ አለፈ። ደሞዝተኛው ሊራውን በእጁ ላለማቆየት ወርቅ ቤት ተሰለፈ። በመጨረሻ ወለዱ እስከ 50 በመቶ ተሰቀለ። የፖለቲከኛ ሐሳብ የተቀየረበትን ሂሳብ ተከራይ ቤተሰቦች ናቸው የከፈሉት።

የእኛው 15 በመቶ ለምን እናትዎ ደብተር ላይ አልደረሰም? መንገዱ ገና ስላልተጠረገ ነው። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያ ሥራ የጀመረው ገና በ2017 መግቢያ ነው። የብሔራዊ ባንክ ተመን የሚነካው በመጀመሪያ ጥሬ ገንዘብ ያጠራቸውን ባንኮች ነው። እነሱ ገንዘብ ፍለጋ ሲወጡ ትልልቅ አስቀማጮችን በ15ና ከዚያ በላይ ወለድ ይደራደራሉ። መደበኛ ቆጣቢ ግን ስለማይጠይቅ በ7 ይቀራል። 7 በመቶ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በላይ መክፈል አይከለከልም።

የወንድምዎን ጉዳይ በአጭሩ ልመልስ። ተመኑ ከተለቀቀ በኋላ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት በጣም ጠቦ ነበር፤ ቆይቶ መልሶ መከፈት ጀምሯል። ሁለቱ እጥፍ በተለያዩበት ዘመን ከባንክ ውጪ በጥቁር ገበያ የላከን ሰው ልወቅስ አልችልም፤ ፖሊሲው ራሱ ገፍቶታል። አሁን ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በባንክ የተላከ ገንዘብ ሕጋዊ ነው፣ ማስረጃ አለው፣ ነገ ቤት ሲሠራበት ምንጩ ይታወቃል። በሌላ መንገድ የተላከ ገንዘብ መሐል ላይ ቢቀር ለማን አቤት ይባላል? ብዙ ሴቶች ከአረብ አገር የላኩት ላብ እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁና በባንክ ይላክ እላለሁ።

እናትዎ አሁንም ቤት መሥራት ከፈለጉ በእጃቸው ያለው የሚችለውን ያህል ይጀምሩ። መሠረቱ ይቆፈር፣ ብሎኬቱ ይገዛ። ሲሚንቶ ግን አስቀድሞ አይከመርም፤ ይደርቃል። የቀረው ገንዘብ መደበኛ ቁጠባ ላይ አይቀመጥ። የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ላይ ወለዱ ከ15 በመቶ ያለፈባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በባንክ በኩል መግዛት ይቻላል። ይህ ከከበዳቸው በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ሂሳብ አለ። በ2017 መጨረሻ እንደነበረው ንረቱ 13 አካባቢ ከሆነ 7 ኪሳራ ነው፤ 15 ግን ከብዙ ዓመት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ቆጣቢውን ከዜሮ በላይ ያደርገዋል።

እርስዎም አብረው ይሂዱ። መስኮት ላይ አይጠይቁ፤ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይግቡ። «500 ሺህ ብር አለን፤ ለአንድ ዓመት ብንዘጋው ስንት ትከፍላላችሁ?» ይበሉ። መልሱን በወረቀት ይቀበሉ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ሌላኛው ባንክ ይግቡና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ያንኑ ይጠይቁ።